ለአዲስ ስራ ከተማ ስትቀይሩ ከስራ ቦታችሁ ቅርብ የሆነ አፓርታማ እንዴት ታገኛላችሁ? ከሀ እስከ ፐ

አዲስ ስራ አገኛችሁ እንበል፣ ግን ሌላ ከተማ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ፣ አሁን ደግሞ ራስ ምታቱ ይጀምራል ማለት ነው፣ ምክንያቱም ስራ የምትጀምሩበት ቀን ተቆርጧል፣ ከተማውን አታውቁትም፣ የምታውቁት ሰው የለም ወይ ቢኖርም እሱ የሚኖረው ሌላኛው ጫፍ ነው፣ እና በዛች አጭር ጊዜ ውስጥ አንድ አመት የምትኖሩበትን ቤት ምረጡ ትባላላችሁ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚ ጋር ነው፦ ስልኩ ላይ ፎቶ አይቶ "ከቢሮው 4 ኪሎሜትር ብቻ ነው" ሲሉት ይዋዋላል፣ ከዛ ያቺን 4 ኪሎሜትር በየጠዋቱ ለአንድ ሰዓት ሲጎተትባት ይኖራል።

እኔ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ዋናውን ቤት ከሩቅ ሆናችሁ አትከራዩ። መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ ማረፊያ ያዙ፣ መንገዱን ራሳችሁ በስራ ሰዓት ሄዳችሁ ለኩት፣ ከዛ በኋላ ነው ውል። ከታች ያለው ሁሉ ይሄንን እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

1ኛ፦ ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት መስሪያ ቤቱን ጠይቁ

ይሄን ሰው ይዘለዋል። የቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለው አድራሻ የዋናው መስሪያ ቤት ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ደግሞ የምትመደቡት ከተማው ዳር ያለ ቅርንጫፍ ላይ። ስለዚ ኤችአር (የሰው ሀይል ክፍሉ ጋር) ደውሉና ሳታፍሩ ጠይቁ፦ በየቀኑ የምገባው የትኛው ህንጻ ነው? ቢሮው በቅርቡ ቦታ ሊቀይር ያሰበው ነገር አለ? በሳምንት ስንት ቀን ነው በአካል የምገባው? ሺፍት አለው? ሰርቪስ አለ ወይ፣ ካለስ በየት በየት ነው የሚያልፈው? ቢሮው ከስድስት ወር በኋላ ወደሌላ ሰፈር የሚዛወር ከሆነ አጠገቡ ቤት መያዝ ትርጉም የለውም፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ራቅ ብሎ ሰፋ ያለ ቤት መያዝ ያዋጣል። ሰርቪስ አለ ካሏችሁም እሺ ብላችሁ ስልኩን አትዝጉ፣ ሰርቪሱ ያመለጠው ሰው በምን ይመጣል፣ ያመሸ ሰውስ በምን ይገባል ብላችሁ ጨምሩ።

እዛው እያላችሁ ስለ ገንዘብም አንሱ። የመዘዋወሪያ አበል የሚሰጡ መስሪያ ቤቶች አሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሆቴል ወይ እንግዳ ማረፊያ የሚይዙም አሉ፣ ግን ካልጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ ማንም አይነግራችሁም። መጠየቂያው ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ነው፣ ከፈረማችሁ በኋላ ጉልበት የላችሁም። ገንዘብ የለም ካሉ ምንም ወጪ የሌለው ነገር ጠይቁ፦ ስራ መጀመሪያውን በአንድ ሳምንት እንዲያራዝሙላችሁና ደሞዝ የተጻፈበት ማህተም ያለው የስራ ደብዳቤ ቀድመው እንዲሰጧችሁ። ደብዳቤው አከራይ ፊት ትልቅ ነገር ነው፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

ሌላው የሙከራ ጊዜ ነው። ርዝመቱን እወቁ። ስራው እናንተን ወይ እናንተ ስራውን ሳትወዱት የአንድ አመት ውል ውስጥ ከገባችሁ፣ ስራውም ሄዶ ቤቱ ቀረ ማለት ነው።

2ኛ፦ ሂሳብ

ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ አይለፍ የሚባለውን ሰምታችኋል። ቁጥሩ አሜሪካ ውስጥ በመንግስት ድጎማ የሚኖሩ ተከራዮች ከገቢያቸው ስንት ይክፈሉ ተብሎ የተቀመጠ ነው፣ መጀመሪያ 25 በመቶ ነበር እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ 30 አሳደጉት። ስለዚ እንደ ቅዱስ ቃል አትያዙት። ከስራ አንጻር ቤት ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ጉድለት አለበት፣ ትራንስፖርትን አይቆጥርም። እኔ የምመክረው ኪራይና የመመላለሻ ወጪን ደምራችሁ አንድ ላይ እንድታዩት ነው፣ የሁለቱ ድምር እጃችሁ ላይ ከሚደርሰው ደሞዝ (ከታክስ በኋላ ያለውን ነው የምለው) ግማሹን እየተጠጋ ከሆነ ቤቱ ከብዷችኋል።

ከዛ ሰዓቱን ደምሩበት። አንዱ ቤት ከቢሮ 15 ደቂቃ ሌላው 40 ደቂቃ ነው እንበል። ልዩነቱ ደርሶ መልስ በቀን 50 ደቂቃ ነው፣ በወር 22 የስራ ቀን ብንል ከ18 ሰዓት በላይ ይሆናል። ከሁለት ሙሉ የስራ ቀን በላይ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚ ቅርቡ ቤት ትንሽ ወደድ ቢል "ለዚች 18 ሰዓት ስንት እከፍላለሁ?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፣ መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ልጅ ያለው ሰውና ባስ ውስጥ መተኛት የሚችል ሰው እኩል አይመልሱም።

የመጀመሪያ ወር ወጪ ላይ ደግሞ ሰው ሁሌም ይደነግጣል። ቅድሚያ ኪራይ፣ ማስያዣ፣ የደላላ ኮሚሽን፣ ማረፊያ፣ እቃ ማጓጓዣ፣ መጋረጃ ምናምን፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይመጣል የመጀመሪያው ደሞዝ ደግሞ ገና ነው። ይሄንን በወረቀት ጻፉት።

3ኛ፦ ኪሎሜትሩን ተዉት፣ ሰዓቱን ለኩ

ካርታ ክፈቱ፣ ቢሮውን ምልክት አድርጉበት። ከዛ ለራሳችሁ ገደብ ስጡ፣ ከበር እስከ በር ማለት ከቤት በር እስከ ወንበራችሁ ድረስ ስንት ደቂቃ ትችላላችሁ? ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቼዛሬ ማርኬቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጽሁፍ ሰው በየትኛውም ዘመን በአማካይ በቀን ወደ አንድ ሰዓት ያህል ነው መንገድ ላይ የሚያጠፋው ብሏል፣ በአንድ ጉዞ ወደ ግማሽ ሰዓት መሆኑ ነው። ጥሩ መነሻ ነው፣ 30 ደቂቃ ብላችሁ ጀምሩና በጀታችሁ እምቢ ካለ ወደ 40 ስፉ።

በእግር ከሆነ ቀላል ነው፣ ሰው በሰዓት ወደ 5 ኪሎሜትር ይሄዳል፣ ስለዚ 2 ኪሎሜትር 25 ደቂቃ አካባቢ ነው (ዳገት ከሌለው)። በመኪና ወይ በባስ ከሆነ ግን ጉግል ማፕ ላይ እሁድ ከሰዓት አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ የምታዩትን ቁጥር አትመኑ። መነሻና መድረሻ ሰዓት መቀየሪያ አለው፣ እሱ ላይ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ የስራ መግቢያ ሰዓታችሁን ሙሉ፣ ከዛ ደግሞ ለብቻ የመውጫ ሰዓታችሁን። በመኪና ከ25 እስከ 50 ደቂቃ ምናምን ብሎ ሰፋ አድርጎ ከሰጣችሁ የምትይዙት ትልቁን ነው፣ ምክንያቱም በአዲስ ስራ የመጀመሪያ ወር ላይ ማርፈድ አትፈልጉም።

ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር ቅያሬውን ነው። 35 ደቂቃ በአንድ ባስ ተቀምጦ መሄድና 25 ደቂቃ ሁለቴ ወርዶ ሁለቴ ተሰልፎ መሄድ አንድ አይደለም፣ እኔ የመጀመሪያውን ነው የምመርጠው ያለምንም ጥርጥር። የመጨረሻው ባስ ወይ ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚያልፍም እዩ፣ ማምሸት ያለበት ስራ ከሆነ ይሄ ብቻውን ሰፈር ያስመርጣል።

በዚ መንገድ ሦስት አራት ሰፈር ይወጣላችኋል። ከዛ በላይ አትያዙ ትደናገራላችሁ። እና በጣም መቅረብም ችግር እንዳለው ልንገራችሁ፣ ቢሮ ፊት ለፊት የሚኖር ሰው እሁድ እሁድ "አንዴ ብቅ በልልኝ" የሚባለው እሱ ነው፣ ሱቅ ሲወርድም አለቃውን ያገኛል።

4ኛ፦ ማረፊያ

ለሁለት ሳምንት ወይ ለአንድ ወር የሚሆን ቦታ ያዙ። የእንግዳ ማረፊያ፣ በኤርቢኤንቢ የሚከራይ ክፍል፣ ዘመድ ቤት፣ የሚወጣ ሰው ለአጭር ጊዜ የሚያከራየው ክፍል፣ የትኛውም ይሁን ግን ከመረጣችኋቸው ሰፈሮች አንዱ ውስጥ ይሁን። ከተቻለ ሳምንት በሳምንት የሚከፈል ይሁን፣ ቤት ቶሎ ካገኛችሁ እንዳታጡበት። ሻንጣ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሶፋና ፍሪጁን ዘመድ ጋር ወይ እቃ ማስቀመጫ ተዉት።

"ሁለት ጊዜ መጓጓዝ ወጪ ነው" የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ያላዩትን ቤት ውል ማፍረስ ከዛ በላይ ያስወጣል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ነው ነገሩ።

እዛ ሆናችሁ ጠዋት በስራ ሰዓት ከየሰፈሩ ወደ ቢሮ ሄዳችሁ እዩ፣ ማታም ከጨለመ በኋላ ከፌርማታ እስከ ቤቱ ያለችውን መንገድ በእግራችሁ ሂዱባት። መብራት አላት? ሰው ይተላለፍባታል? ጥበቃዎችን፣ ባለ ሱቁን፣ የጽዳት ሰራተኛዋን ሰላም ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰፈሩ እንዴት ነው፣ ውሃ ይጠፋል ወይ፣ ማታ ይረብሻል ወይ፣ የሚለቀቅ ቤት አለ ወይ። የስራ ባልደረቦችም እንደዛው፣ የት ነው የምትኖሩት ሳይሆን "ብትቀይሩ የት ትሄዱ ነበር?" በሏቸው፣ እሱ ነው እውነቱን የሚያወጣው።

5ኛ፦ ፍለጋውና አጭበርባሪዎቹ

በየአቅጣጫው ፈልጉ፦ የቤት ማስታወቂያ ድረገጾች፣ የቴሌግራምና የፌስቡክ ግሩፖች፣ ደላላ፣ የስራ ባልደረባ፣ ህንጻው ላይ የተለጠፈ "የሚከራይ" የሚል ወረቀት። ደላላ የምትይዙ ከሆነ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው፣ ቤት ለማሳየት ብቻ ገንዘብ ይጠይቅ እንደሆነ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ተነጋገሩና በጽሁፍ መልእክት እንዲያረጋግጥላችሁ አድርጉ። ለደላላው የምትነግሩት በጀትም ትክክለኛው ጣሪያችሁ አይሁን፣ ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ እሱ እንደሆነ ወደላይ መግፋቱ አይቀርም።

የማጭበርበር ዘዴው የትም ሀገር አንድ አይነት ነው። ዋጋው ከአካባቢው በጣም ያነሰ ነው፣ ፎቶው የመጽሔት ይመስላል፣ አከራዩ ውጭ ሀገር ነው ስለዚ ማሳየት አይችልም፣ ቁልፉን በፖስታ ይልክላችኋል፣ ሌሎች ሰዎች እየጠበቁ ስለሆነ ግን ዛሬውኑ ቀብድ ላኩ። በገንዘብ ማስተላለፊያ፣ በክሪፕቶ ወይ በስጦታ ካርድ ላኩ ካለማ አትመልሱለት ብሎክ አድርጉት። ፎቶዎቹን ጉግል ሌንስ (በፎቶ የሚፈልገው የጉግል መሳሪያ) ላይ አስገብታችሁ ፈልጓቸው፣ ሌላ ከተማ ባለ ማስታወቂያ ላይ ወይ ሆቴል ገጽ ላይ ካገኛችኋቸው አለቀ።

በአካል መሄድ ጭራሽ ካልቻላችሁ የተቀረጸ ቪዲዮ አትቀበሉ፣ ቪዲዮ ኮል ጠይቁና ከውጭ እንዲጀምር አድርጉ። መጀመሪያ መንገዱንና የህንጻውን ስም ወይ ቁጥር ያሳያችሁ፣ ከዛ ሳይዘጋ በደረጃው ወይ በሊፍቱ እየወጣ በሩን ከፍቶ ይግባ። ውስጥ ሲገባ እናንተ እዘዙት፦ የኩሽናውን ቧንቧ ክፈትልኝ፣ መስኮቱን ክፈትና ዝም በል ድምጹን ልስማ፣ ከሲንኩ ስር ያለውን ቁምሳጥን ክፈተው። ቤቱ የሱ ያልሆነ ሰው ከደረጃው ሳይወጣ ኔትወርኩ ይቋረጥበታል። ከዛም በኋላ ቢሆን የምታምኑት አንድ ሰው በአካል አይቶላችሁ እንጂ ገንዘብ እንዳትልኩ።

የመታወቂያና የባንክ ወረቀት ኮፒ ስትልኩም ወረቀቱ ላይ በሰያፍ "ለዚህ ቤት ኪራይ ብቻ" ብላችሁ ቀን ጻፉበት፣ ሌላ ቦታ እንዳይጠቀሙበት። የስራ ደብዳቤውን፣ መታወቂያውን፣ የባንክ ስቴትመንቱንና የድሮ አከራያችሁ ስለናንተ የጻፈላችሁን ወረቀት በአንድ ፒዲኤፍ አዘጋጅታችሁ ያዙ። ጥሩ ቤት ቀድሞ ወረቀት ላሟላ ሰው ነው የሚሰጠው፣ አዲስ ከተማ ላይ የሚያውቃችሁ ስለሌለ ያቺ ፋይል ናት ዋሳችሁ።

6ኛ፦ ቤቱን ስታዩ

ብዙ ሰው ገብቶ ሳሎን መሃል ቆሞ "አሪፍ ነው" ብሎ ይወጣል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆዩበት፣ አከራዩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ፣ የምትኖሩበት እናንተ ናችሁ።

ከውሃ ጀምሩ። ሻወሩን ክፈቱት፣ እሱ እየፈሰሰ የኩሽናውን ቧንቧ ክፈቱ፣ ከዛ ሽንት ቤቱን ልቀቁት። የሻወሩ ውሃ ወደ ክር ከቀጠነ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚጠብቃችሁ አያችሁት። 10 ሊትር ባልዲ ካለ ከሻወሩ ስር አድርጉት፣ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ከሞላ ግፊቱ ደህና ነው፣ ሁለት ደቂቃ ካለፈ ደካማ ነው። ሙቅ ውሃው ለመምጣት ስንት እንደሚፈጅ፣ ፍሳሹ ቶሎ እንደሚወርድ ወይ እግር ስር እንደሚጠራቀም እዩ። ውሃ ማሞቂያው በጋዝ የሚሰራና ጭስ መውጫ ሳይኖረው ሻወር ቤት ውስጥ የተሰቀለ ከሆነ ቤቱን ተዉት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም ሰው ይገድላል፣ በዚህ ድርድር የለም።

ቻርጀራችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሶኬቶቹ ላይ አንድ በአንድ ሰኩት። ስልካችሁ ኔትወርክ ይይዝ እንደሆነ መኝታ ቤት በር ዘግታችሁ ሞክሩ፣ ከቤት የምትሰሩበት ቀን ካለ ደግሞ የትኛው ኢንተርኔት እዛ ህንጻ እንደሚገባ ጎረቤት ጠይቁ።

ቁምሳጥን ከፍታችሁ አፍንጫችሁን አስገቡ፣ የእርጥበት ሽታ አይደበቅም። አንድ ግድግዳ ብቻ ወይ አንድ የጣራ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ስሩ ሻጋታ ወይ የውሃ ስርገት አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። እቃ ያለው ቤት ከሆነ ፍራሹን አንሱና ስፌቱን በስልክ መብራት እዩ፣ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለ የትኋን ምልክት ነው። በረሮ ደግሞ ከምድጃና ከፍሪጅ ኋላ ነው የሚፈለገው።

መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ በስልካችሁ ኮምፓስ ለኩ። ወደ ምዕራብ የሚያይ መኝታ ቤት ከሰዓት ሙሉ ጸሐይ ሲመታው ውሎ ማታ ልትተኙ ስትሉ ይጋገራል፣ ሞቃት ከተማ ከሆነ ይሄ ቀልድ አይደለም። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ጣራውን፣ ምድር ቤት ላይ የግድግዳውን እርጥበትና የመስኮቱን ብረት እዩ። ሊፍት አለ ብለው ካሏችሁ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይይዘው እንደሆነ ጠይቁ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ስትኖሩ ይገባችኋል።

ድምጽን አትርሱ። የአለም ጤና ድርጅት አውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የሌሊት የውጭ ድምጽ ከ40 ዴሲቤል (የድምጽ መለኪያ ነው) ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፣ በስልክ አፕ መለካት ይቻላል ግን አፑ ግምት ነው የሚሰጠው፣ ዋናው ነገር ቤቱን ቀን ካያችሁት ማታም አንዴ ሄዳችሁ ከህንጻው ስር ቆማችሁ ማዳመጥ ነው። ቀን ዝም ያለ መንገድ ዓርብ ማታ ጭፈራ ቤት ሊወጣው ይችላል።

7ኛ፦ ውሉ

አንብቡት። ሁሉንም። ፈራሚው የቤቱ ባለቤት ነው? የባለቤትነት ሰነዱ ላይ ያለው ስምና መታወቂያው ላይ ያለው ስም አንድ ነው? ወኪል ከሆነ ውክልናውን፣ ራሱ ተከራይ ሆኖ ደግሞ የሚያከራያችሁ ከሆነ የዋናውን ባለቤት የጽሁፍ ፈቃድ አሳየኝ በሉት። ከዛ እነዚህ ውሉ ላይ በግልጽ መኖር አለባቸው፦ ኪራዩ ስንት እንደሆነና መቼ ሊጨምር እንደሚችል፣ ውሃ፣ መብራት፣ ጥበቃና ጽዳት በማን እንደሆነ፣ የተበላሸ ነገር ማን እንደሚያሰራ፣ ማስያዣው በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስና በምን ምክንያት እንደሚቆረጥ።

ለስራ ለመጣ ሰው ግን ከሁሉ የሚበልጠው የመውጫ አንቀጽ ነው። ስራችሁ ቢቋረጥ ወይ ወደሌላ ከተማ ብትዛወሩ በአንድ ወይ በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ያለቅጣት መውጣት እንደምትችሉ ይጻፍላችሁ። አከራዩ እንቢ ካለ የመጀመሪያው ውል ከሙከራ ጊዜያችሁ ጋር የሚሄድ አጭር ይሁን፣ ኪራዩ ትንሽ ከፍ ቢልም ይሻላል። "ችግር የለም እንተማመናለን" የምትለዋ ነገር ወረቀት ላይ ካልወጣች የለችም፣ ሰውየው ጥሩ ሰው ቢሆን እንኳ ነገ ቤቱን ለወንድሙ ሊያስረክበው ይችላል። ሀገሩ ውል የሚመዘገብበት ቢሮ ካለው አስመዝግቡ፣ ገንዘብ በባንክ ክፈሉ፣ በእጅ ከከፈላችሁ ደረሰኝ ሳትይዙ እንዳትወጡ።

8ኛ፦ ቁልፍ የምትቀበሉበት ቀን

እቃ ከመግባቱ በፊት ባዶውን ቤት ከበሩ ጀምራችሁ በቪዲዮ ቅረጹት፣ የተሰነጠቀውን ሰቆ፣ የተጫረውን በር፣ የማይዘጋውን መስኮት ቀረብ አድርጋችሁ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ የድሮው ተከራይ ውዝፍ ካለበት እናንተ ላይ እንዳይመጣ። ቪዲዮውን ያን ቀን ለአከራዩ ላኩለት፣ ቀኑ እዛው ተመዝግቦ ይቀራል። በአከራዩ ፈቃድ የበሩን ቁልፍ ቀይሩ፣ የድሮው ቁልፍ ስንት ሰው እጅ እንዳለ አይታወቅም። ከዛ አዲሱን አድራሻ ለኤችአርና ለባንክ ስጡ፣ ማረፊያችሁን ደግሞ ለሁለት ሦስት ቀን አትልቀቁት፣ ውሃው ወይ መብራቱ የመጀመሪያው ማታ ላይ እምቢ ቢል የምታድሩበት ይኖራችኋል።